የተጣለው እሳት

አውሮፕላኑ ወደ ደማም ማዘቅዘቅ ሲጀምር ከታች ያለው ጨለማ በአንድ ነበልባል ተበሳ። ከቀጭን የብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ ሆኖ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ እያማታው ይንቀለቀላል። ከጎኔ የተቀመጡት የባቲ እናት፣ እንደኔው ዑምራቸውን ፈጽመው ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ፤ ጉንጫቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና «አልሐምዱሊላህ! አላህ ለሰጠው ሰው ምድሩም ያበራለታል» አሉ። እኔም አሚን አልኩ። እሳቱ ሀብት መስሎኝ ነበር።

ማታ አል ኾበር፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ ወንድም ጋሼ ቤት እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ መጀመሪያ ያወራሁላቸው ይህንኑ ነው። ወንድም ጋሼ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። እኔ ፊደል ስቆጥር እሳቸው ኮምቦልቻ ላይ በያጅ ነበሩ፤ እዚህም በያጅ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ከቧንቧ ሲያጋጥሙ ኖረዋል። ወሬዬን አስጨርሰው «አንቺ ልጅ፣ ያ ያየሽው ሀብቱ አይደለም፤ የሚጣለው ነው» አሉኝ። «የዚህ አገር ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ብትሰሚ፣ ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩ ቀይ ነበር ይሉሻል። ያ ሁሉ ጋዝ ነው። የሚይዘው አጥቶ የነደደ።»

ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ይህ ንግግር ተከተለኝ።

አል ዑለያ «ላይኛው» ማለት ነው። የጦሳን ተራራ እያየ ደሴ ላይ ላደገ ሰው ስሙ ግር ይላል፤ ምድሩ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ የአሸዋ ቀለም የተቀቡ ቤቶች፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ድመት እንኳን የማይንቀሳቀስበት ጸጥታ። ሰፈሩ የሚነቃው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። ሱቆቹ ይበራሉ፣ ልጆች ይወጣሉ፣ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ወተት የበዛበት ካራክ ሻይ የሚጠጡ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። እኛ ጀንበር ስትጠልቅ በር እንዘጋለን፤ እነሱ ያኔ ይከፍታሉ። መጀመሪያ ቀን ሙሉ የሚተኛ ሰነፍ አገር መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ውኃ ልገዛ ወጥቼ ከመንገዱ መሀል ስመለስ ነገሩ ገባኝ።

ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ባሕሩ ይመጣል። ኾበርን እ.ኤ.አ. በ1923 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ከባሕሬን ተሻግረው የሰፈሩባት የደዋሲር ጎሳ ሰዎች ናቸው፤ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ። ዛሬ በዚያው ባሕር ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የንጉሥ ፋህድ መንገድ ወደ ባሕሬን ያሻግራል። ምሳችንን እዚያው አካባቢ በላን፤ ሀሙር የሚሉት ዓሣ ከሩዝ ጋር ተደርቦ በትልቅ ትሪ መጣ። ወንድም ጋሼ ከዓሣው ጉንጭ ላይ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ፈልቅቀው ወደ እኔ ገፉት። አባታችን ከዶሮው ፈረሰኛውን ሲያጎርሱን እንደነበረው ነው። በትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ በእጅ መብላት እዚህም አለ፤ ጉርሻው ግን የእኛ ብቻ ነው መሰለኝ፣ አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ወንድም ጋሼ ሲያጎርሱኝ አይተው ፈገግ አሉ።

የዚህ አገር የነዳጅ ታሪክም ከዚያው ከባሕሩ ማዶ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሕሬን ላይ ነዳጅ ሲገኝ፣ ከደሴቲቱ ሆነው ባሕሩን አሻግረው የሚያዩ ጂኦሎጂስቶች የዘህራንን ጉብታዎች ማየት ይችሉ ነበር። በዓመቱ፣ በግንቦት 1933፣ የሳዑዲ መንግሥትና የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ጅዳ ላይ ተፈራረሙ፤ 35,000 የወርቅ ፓውንድም በአንድ በአንድ ተቆጠረ። ከዚያ ዘህራን ላይ ቁፋሮ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ትንሽ ነዳጅና ጋዝ አሳየ፣ ለገበያ የሚበቃ ግን አልነበረም። ሌሎቹም ተስፋ አስቆረጡ። 7ኛው በ1936 ማብቂያ ተጀምሮ ከዓመት በላይ አስለፋ። በመጨረሻ፣ ማርች 4 ቀን 1938፣ 1,440 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሲደርስ በቀን 1,585 በርሜል ሰጠ። ይኸው ጉድጓድ እስከ 1982 ድረስ ሲሠራ ከ32 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሰጥቷል። በኋላ «የበረከት ጉድጓድ» ተብሎ ተሰየመ።

በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነሳው ማክስ ስቴይንኪ፣ ዋናው ጂኦሎጂስት ነው፤ ጠለቅ ብላችሁ ቆፍሩ እያለ የወተወተ እሱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከጎኑ የነበረው ሰው ነው። ኸሚስ ቢን ሪምሳን ይባላል፤ የዓጅማን ጎሳ በዳዊ። ካርታ በሌለበት በረሃ ውኃው የት እንዳለ፣ የትኛው አሸዋ እንደሚውጥ ያውቃል። ከዓመታት በኋላ አንድ የነዳጅ መስክ በስሙ ተጠርቷል። በእኛም አገር ስንት መሐንዲስ፣ ስንት ካርታ አንሺ መንገድ እየተመራ አልፏል? የመሪዎቹን ስም የያዘ ድልድይ ግን እኔ አላውቅም።

ጉድጓዱን በዓይኔ አላየሁትም፤ ያየሁት ፎቶውን ነው። ቆሞ የቀረ ብረት ነው፣ ቫልቭ በቫልቭ ላይ የተደራረበበት፣ በግራና በቀኝ ክንድ ያወጣ። የነዳጅ ሠራተኞች ይህን ዓይነቱን «የገና ዛፍ» ይሉታል። ወንድም ጋሼ ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። እኔ ብረት ብቻ ያየሁበት ቦታ እሳቸው ሥራ አዩ። «ይሄ ዋናው መዝጊያ ነው። ይሄኛው ቢበላሽ ብለው ከላይ ደግመውታል። እነዚህን ጎማ የመሳሰሉ መዘውሮች ታያለሽ? ሰው በእጁ ነው የሚያዞራቸው። ነዳጁ ብቻውን አይወጣም፣ ጋዝ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን የሚለየው ሌላ ጋን ነው። ነዳጁ ወደ መርከብ፣ ጋዙ ወደ እሳት።» ጣታቸው አንዱ መጋጠሚያ ላይ ቆየ። «ይህን የበየደው ሰው እጁ ጥሩ ነበር» አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ብየዳ በፎቶ አይተው ማመስገናቸው ልቤን ነካው።

ከጉድጓዱ አቅራቢያ ዛሬ ኢሥራእ የሚሉት የባህል ማዕከል ቆሟል። ሙሉ ስሙ የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ2008 ተጥሎ፣ ንጉሥ ሰልማን በ2016 መረቁት። የኖርዌዩ ስኖሄታ ነው ንድፉን ያወጣው፤ ትላልቅ የወንዝ ጠጠሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ይመስላሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ሰማይ ይረዝማል። ከሩቅ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ሲጠጉ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን የማይዝግ ብረት ቱቦዎች የተጠመጠመ መሆኑ ይታያል፤ ቱቦዎቹ ቢዘረጉ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ ይባላል። ይህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው።

ወንድም ጋሼ ወደ ውስጥ ለመግባት አልቸኮሉም። ግድግዳው ሥር ቆመው አንዱን ቱቦ በዓይናቸው ተከተሉት፤ ሲታጠፍ፣ ሲወጣ፣ ከመስኮቱ ፊት ሲደርስ ብርሃን እንዲያስገባ ጠፍጠፍ ሲል። «እያንዳንዱ ለብቻው የተጎነበሰ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይመስልም» አሉ። «ቧንቧ ሁልጊዜ አንድ ነገር ለማሳለፍ ነው የሚሠራው። ይሄ ምንም አያሳልፍም፤ ለማማር ብቻ ነው።» ቅሬታ አልነበረም በድምፃቸው። መደነቅ ነበር።

ውስጡ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ሙዚየም አለ፣ ሲኒማ አለ፣ ለሕፃናት የተለየ ቦታ አለ። አንዲት የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ያ የነዳጅ ገንዘብ እዚህ ደርሶ በዚህች ልጅ ጭን ላይ መቀመጡ መልካም ነገር ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን አንድ ነገር ቀረብኝ። ሽታ የለም። ዘይት የነካው ጓንት፣ የተላላጠ መዘውር፣ ሠራተኛው ምሳውን የበላበት አግዳሚ አጣሁ። የድሮውን ሥራ የሚያስታውስ አዲስ ቤት ነው እንጂ የድሮው ሥራ ራሱ አይደለም።

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሌላው ዓለም የጋዝ ፋብሪካዎች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ከተሞች ብርሃናቸውን የሚያገኙት ከድንጋይ ከሰል ነበር። ከሰሉን አየር በማያስገባ እቶን ውስጥ ያግሉታል፣ የሚወጣውን ጋዝ አጥበው በግዙፍ ጋን ያጠራቅሙታል፣ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ወደ መንገድ መብራትና ወደ ወጥ ቤት ይልኩታል። ቪየና ውስጥ ከ1896 እስከ 1899 የተሠሩት አራት የጋዝ ማጠራቀሚያዎች ከውጭ የጡብ ግንብ የለበሱ ናቸው። በ1984 ሥራቸው አበቃ፤ ግንቡ ግን አልፈረሰም፣ በ2001 ውስጡ ተሠርቶ ሰው ገባበት። ዛሬ ጋዝ በነበረበት ቤተሰብ ይኖራል። ኢስታንቡልም በ1892 ሥራ የጀመረውን የሐሰንፓሻን ጋዝ ፋብሪካ በ2021 ሙዚየምና የባህል ቦታ አድርጋዋለች።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው የሲያትሉን ነው። ያ ፋብሪካ ከ1906 እስከ 1956 ሠርቶ ሲቆም አፈሩ ሬንጅና መርዝ ጠጥቶ ነበር። ሪቻርድ ሃግ የሚባል የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ማማዎቹን ከነዝገታቸው እንተዋቸው ብሎ ተከራከረ። አፈሩንም ጠርጎ ከመጣል ይልቅ፣ የፍሳሽ ዝቃጭና ሰጋቱራ አርሶ አስገብቶበት ረቂቅ ተሕዋስያኑ መርዙን እንዲበሉት አደረገ። የገበሬ መላ ነው፤ የደከመ ማሳን በፍግ እንደ ማስታመም። ጉዳቱ ባንድ ጊዜ አልጠፋም፣ ቦታው ከዚያ በኋላም ጽዳት ጠይቋል። ነገር ግን ከ1975 ጀምሮ ሕዝብ የሚገባበት መናፈሻ ነው፣ የዛጉት ማማዎችም በሣሩ መሀል ቆመዋል።

ሳዑዲዎች ይህን መንገድ አያውቁትም ማለቴ አይደለም። በ1950 ያለቀው ታፕላይን የሚባለው የነዳጅ ቧንቧ ከቀይሱማ ተነስቶ ሊባኖስ፣ ሲዶን ድረስ 1,214 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ዛሬ ምንም አይፈስበትም። በ2020 የአገሪቱ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የሚገርመኝ ቧንቧው ብቻ አይደለም። ነዳጁን ለመግፋት በየርቀቱ የተተከሉት የፓምፕ ጣቢያዎች ዓርዓር፣ ረፍሓ፣ ጡረይፍ የሚባሉ ከተሞች ሆነዋል። ቧንቧው ሞተ፣ ከተሞቹ ቀሩ። የእኛን የባቡር ሐዲድ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ድሬዳዋም ሐዲዱ በ1902 ደርሶባት የተወለደች ከተማ ናት።

ዘመዳችንን ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የራስ ታኑራ ማጣሪያ ሲገነባ የእጅ ባለሙያ ጠፍቶ፣ የነዳጁ ኩባንያ ከአስመራ ከአንድ ሺህ በላይ ጣሊያኖችን አስመጥቶ ነበር፤ ጋራዥና ፋብሪካ ያሠሩ፣ ሙያቸውን በዚያው ያስተላለፉ ሰዎች። ይህን ስነግራቸው ወንድም ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ብየዳ የተማሩት ከአስመራ ከመጣ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከጣሊያን። መፍቻውን «ኪያቬ»፣ መቆንጠጫውን «ሞርሳ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ያ ሰማዩን ያቀላ የነበረው እሳት ወደ ምን ዞረ? እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ይቃጠል ነበር፤ በቀን በቢሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢክ ጫማ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ነዳጅ ፈሳሽ ነው፣ በርሜልም መርከብም ይይዘዋል። ጋዝ ግን ካልታመቀ ወይም በብርቱ ካልቀዘቀዘ የሚይዘው የለም፤ በአቅራቢያው ገዢ ከሌለው ሸክም ይሆናል። ሳዑዲ በ1975 ዋና የጋዝ መረብ የሚባለውን ሥራ ጀመረች። ከየመስኩ እየተሰበሰበ፣ እየተጣራ፣ በቧንቧ ወደ ፋብሪካ መሄድ ጀመረ። ጁበይልና ያንቡዕ የኢንዱስትሪ ከተማ የሆኑት በዚሁ ጋዝ ነው፤ ማዳበሪያውም ፕላስቲኩም ከዚያው ይወጣል። ለአሥርተ ዓመታት ሌሊቱን ያቀላ የነበረው እሳት ወደ ቧንቧ ገብቶ እንጀራ ሆነ።

በተጣለ ነገር ላይ እኛ ቤት ዓይን የተገለጠ ነበር። ልጅ ሆኜ «ጋዝ» ማለት ለእኔ ላምባ ነው፤ በብርሌ እየተሰፈረ ከሱቅ የሚመጣ። ኩራዛችን የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ የጥጥ ክር የተጎለጎለበት። እናቴ ክሩን ከሚገባው በላይ ብድግ ያደረገ ልጅ ካገኘች «እሳቱ ሲያጨስ ያለቀው ላምባ ነው፤ አትየውም?» ትለው ነበር። ጭሱ ጣራውን ሲያጠቁር ያዘነችው ለጣራው አይደለም። እናቴ የዘህራንን ሰማይ በእነዚያ ዓመታት ብታየው ኖሮ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታድር ነበር።

ሰው ግን ላምባውን እየቆጠበ ሌላውን ያቃጥላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ ለገሃር፣ አሮጌው የባቡር ጥገና ግቢ ገብቼ ነበር። «ለገሃር» ራሱ የፈረንሳዮቹ ቃል ነው፣ እኛ ዘንድ ተወልዶ ያደገ ያህል ሆኗል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ውጭ በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። በአሮጌው ግቢ ብረት መቅረጫ ቶርኖዎቹ በቦታቸው ነበሩ፣ የአናጢዎቹ ጠረጴዛዎችም፣ የተፈቱ ጎማዎችም። አንድ ጡረታ የደረሱ ሠራተኛ እጄን ይዘው እየመሩ አንዱን ቶርኖ አሳዩኝ። በጨርቅ ጠረጉት፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ በእጃቸው አዞሩት፤ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። «ሁልጊዜ ጠዋት አዞረዋለሁ» አሉ። «ካልዞረ ይደርቃል።» ማን እንዳዘዛቸው ብጠይቅ ማንም አላዘዛቸውም። እሳቸው ሲያርፉ ያን ቶርኖ ማን ያዞረው ይሆን? ቶርኖውን ሙዚየም ማስገባት ይቻላል። እጃቸው ላይ ያለውን ግን ተቀምጦ የሚማር ልጅ ካልተገኘ የሚይዘው ጋን የለም።

ያገገመ ነገርም አለን፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ግፍ ይሆናል። በ1930ዎቹ የተገነባው፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ በ1970 ቆሞ ከአርባ ዓመት በላይ ተረሳ። ከዚያ በቻይና እገዛ ታድሶ እንደገና ማመንጨት ጀመረ። ዛሬ ካሉን ግድቦች ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው፤ ቢሆንም አሮጌ ነው ተብሎ አልተጣለም። ካሉብ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦጋዴን የተገኘው ጋዝ ሳይነድም ሳይጠቅምም ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ከምድር በታች ቆየ። ወንድም ጋሼ ስለ ካሉብ ሲሰሙ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፤ «በያጅ ይፈልጋሉ ወይ?»

የመጨረሻው ምሽት የቤቱ እመቤት እትዬ ቡና ልታፈላ ቆሎውን አቅርባ፣ ዕጣኑን አጫጭሳ፣ ምድጃውን ስትከፍት ጋዙ አለቀ። በዚህ አገር የሚቀርበው ቡና ሄል የገባበት፣ ቀለሙ ወርቃማ፣ በትንሽ ፍንጃል ከቴምር ጋር የሚጠጣ ነው፤ ወድጄዋለሁ። እትዬ ግን በስደት ቤቷም ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ እንግዳ አይሄድም ትላለች። ወንድም ጋሼ ከሰገነቱ አዲስ ሲሊንደር በትከሻቸው አመጡ። መቆጣጠሪያውን ገጠሙ፣ በመፍቻ አጠበቁ፣ ከዚያ ሳህን ላይ ሳሙና በውኃ መቱ።

«ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም» አሉኝ አረፋውን በጣታቸው መጋጠሚያው ላይ እየቀቡ። «ይሄ የሚከረፋሽ ሰው የጨመረበት ነው።» እውነታቸውን ነው። በ1937 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ያልታወቀ የጋዝ ፍሳሽ አፈንድቶት ወደ 300 የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ካለቀ በኋላ ነው ሽታ መጨመር ግዴታ የሆነው። እኔ ይህን ስነግራቸው ጣታቸው ቆመ። «ልጆች?» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አረፋውን ደግመው ቀቡ።

በመጋጠሚያው ጎን አንዲት ቡግ ያለች አረፋ አበጠች፣ እንደ ምስር ፍሬ። ወንድም ጋሼ መፍቻውን ሩብ ዙር ጨመሩ። አረፋዋ ፈነዳች። በጨርቅ ጠረጉ፣ እንደገና ቀቡ፣ ጎንበስ ብለን ሁለታችንም አየን። እትዬ ጀበናውን ይዛ ከኋላችን ቆማለች። አረፋው ጠፍጣፋ እንደሆነ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሟሸሸ።

«አሁን ክብሪት ጫሪ» አሉኝ።